ሦስተኛው ቁልፍ

ጥቅምት 4

ለታላቅ እህቴ፤

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ «ውድና የተከበርሽ» ብላ ጀምራ ነበር፤ አሰረዝኳት። መከበርሽን ከሰባ ዓመት በኋላ በወረቀት አልነግርሽም። እሷ የምናገረውን እንዳለ ትጽፍልኛለች፣ እኔ መቀሷን እሞርድላታለሁ። ውላችን ይኸው ነው። ስልክ ጆሮ አለው፣ በደብዳቤ ይሁን ያልሽውም ልክ ነው።

መውደቄን ማን እንዳወራልሽ አውቃለሁ፤ ምላሷን ይሰብስብላት። አዎ፣ ወድቄአለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት የካዝና ቁልፍ ጠፍቶባቸው አስጠሩኝ። ውስጠኛው ክፍል ገብቼ ስሠራ ጸሐፊዋ ብርድ ገባ ብላ በሩን ከኋላዬ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ የማውቀው ወለል ላይ ተዘርሬ ውሃ ሲያፈሱብኝ ነው። ሱሪዬም ረጥቦ ነበር፤ ከሚያፈሱት ውሃ በፊት። ይህንንም ጻፊ ብያታለሁ፤ ካንቺ የምደብቀው ነገር የለኝም።

የጤና ጣቢያው ዶክተር ልቤን አዳምጦ የጎረምሳ ልብ ነው አለ። ታዲያ ምን ጣለኝ ብለው፣ ቤትህ በር ዘግተህ ትተኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ሰው ማን ነገረው? አርባ ዓመት በር ዘግቼ ተኝቼ አላውቅም። የሰፈሩን በር ሁሉ የምቆልፍ እኔ የራሴ በር ገርበብ ብሎ ያድራል። እሱም ወደ አንዲት ሴት መራኝ። መርፌ የላት፣ ኪኒን የላት፤ ትጠይቃለች፣ የምትሰማውን ሰማያዊ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እኔ ጠያቂዋ ብያታለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ነው የምትቀበለኝ። መጀመሪያ እብድ አይደለሁም ብዬ ልቀር ነበር።

ሐሳቤን የለወጠው ሌላ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ባለ ፉጨቱ መጥቷል።

ልብስ ሰፊዋ እዚህ ላይ ማነው እሱ ብላ ብዕሯን አነሳች። ሳታውቅ አትጽፍምና ነገርኳት። በዚያ ክፉ ዘመን እኔንና ባልሽን፣ ግንበኛውን፣ ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ ሲከረችሙን ቁልፉን የያዘው እሱ መሆኑን፤ ሲያዞረው የሚያፏጭ መሆኑን። የዚያን በር ቁልፍ ለመጋዘኑ ባለቤት የሠራሁት እኔው መሆኔንም አልደበቅኳት፤ በገዛ እጄ ሥራ ተቆለፈብኝ። አሥራ አንድ ቀን ከርሜ ወጣሁ። ግንበኛው ግን በገባን በመጀመሪያው ቀን፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው፣ ሳይሰቃይ እንዳረፈ እንደነገርኩሽ ነገርኳት።

ማክሰኞ ሱቄ በር ላይ ቆመ። አርጅቷል፤ ከዘራ ይዟል። አላወቀኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የቤቱ ቁልፍ ተሰብሮበት አዲስ እንድሠራለት ነው የመጣው። እሺ አልኩት። እመጣለሁ አልኩት። ከሄደ በኋላ ሞረዱ እጄ ላይ ታትሞ አገኘሁት።

ሐሙስ ወደ ጠያቂዋ የሄድኩት ለዚህ ነው። ቃል ተቀባይ ሆና አግኝቻታለሁ። አንቺ ስትመኚው የኖርሽው ክስ በሰማያዊ ደብተር ተጀምሯል።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

እህቴ፤

እሱ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ላልሽው፦ ቤቱ ሄጄ አሮጌውን ቁልፍ ስፈታ ከኋላዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ አፏጨ። ያችኑ ዜማ። መጨረሻዋን ቆርጦ ይተዋት የለ፣ አሁንም እዚያው ላይ ይቆርጣታል። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?

መልኩ እንዴት ነው፣ ደልቶታል ወይ ላልሽው፦ አልደላውም፤ አልከፋውምም። ቤቱ በአንድ ጭር ያለ መንገድ ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ክፍል፣ መስኮቱ በብረት ታጥሯል። ግድግዳው አጠገብ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ ቢጣራ የሚሰማው የለም። ከሴት ልጁ ጋር ይኖራል። እህቷ እርጉዝ ናት፤ ስትወልድ አራስ ልትጠይቅ ለሦስት ሳምንት ትሄዳለች፤ ራሷ ናት ያጫወተችኝ። አባቴን አደራ አለችኝ። እኔም አይዞሽ አልኳት።

አሁን የሥራዬን ልንገርሽ። ቁልፉን አዲስ ሠራሁለት። ሞላውን ሁለት ጊዜ ለውጬ፣ ምላሱን አርዝሜ፣ እስከዛሬ እንደዚህ ያማረ አልሠራሁም። ሁለት ቁልፍ ሰጠኋቸው፣ ለአባትና ለልጅ። ሦስተኛው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። በሦስተኛው ከውጭ ሁለቴ ከዞረ ሌሎቹ ሁለቱ አይሠሩበትም። አሥራ አንድ ቀን። ውሃ በሦስት ቀን አንድ ጣሳ፣ በመስኮት፣ እሱ እንደሰጠን። ከዚያ የወንድምና የእህት ልብ ያርፋል።

ለጠያቂዋ ስለ ሦስተኛው ቁልፍ ትንፍሽ አላልኩም። በመጀመሪያው ቀን፣ የሚነግሩኝ ከዚህ አይወጣም፣ ሰው ሊጎዱ ካሰቡ ግን ዝም አልልም ብላ አስጠንቅቃኛለች። ስለ መጋዘኑ ግን አንድ በአንድ እነግራታለሁ። ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የጣሳውን ዝገት። በሩ ምን ያህል ይከፈት ትለኛለች ከመጀመራችን በፊት። አንድ ስንዝር አልኳት። በሚቀጥለው ሐሙስ በአራት ጣት እንሞክረው አለች። ምን አገባት? ግን ሞከርኩ። እኔ በር ፈራ ከምባል ይልቅ እጄን ቢቆርጡኝ ይሻለኛል።

እዚያ ስናወራ ባልሽ ትዝ አለኝ። መቼም ጨዋታው አይጠገብም። በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ባለ ፉጨቱ እያፏጨ ለምሳ ሲሄድ «ሂድ ብላ፣ እኛ ጠግበናል፤ ሲሚንቶው ሆዳችን ውስጥ ሊደርቅ ነው» ብሎ ሳቄ እስኪያመኝ አሳቀኝ። ለጠያቂዋ ስነግራት እሷም ሳቀች። ከዚያ እኔ አለቀስኩ። ይህን ግን አትጻፊ ብዬ ነበር፤ ጽፋዋለች።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11

እህቴ፤

ምን ያዘህ ላልሽው፦ ልጁ ገና አልሄደችም። ምጥ በቀጠሮ አይመጣም። ፈሪ ያልሽኝን ግን አልወደድኩትም፤ ፈሪ ሁለት ወር ሙሉ ቁልፍ በኪሱ ይዞ አይዞርም።

ክሱ ከምን ደረሰ ላልሽው ደግሞ፣ ይህን ስነግርሽ ደሜ ይፈላል። ሰባት ሐሙስ ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ መጥሪያው መቼ ነው የሚወጣው ብዬ ጠየቅኳት።

«የምን መጥሪያ አባቴ?»

«የሱ ነዋ! የባለ ፉጨቱ!»

ብዕሯን አስቀመጠች። ደብተሩ ወደ ፍርድ ቤት አይሄድም አለችኝ። ለማንም አይሄድም። ክስ ከፈለጉ መንገዱን ላሳይዎ፣ እሱ ሌላ ቤት ነው፤ ይህ የሚጻፈው ለእርስዎ ነው፣ ያለፈው ነገር በእርስዎ ላይ ጌታ እንዳይሆን ነው አለች። እኔ ፊደል የማላውቀው ሰውዬ የሚጻፍልኝን ምን አደርገዋለሁ? ሰባት ሐሙስ ደብተሯን ለምትከትበት ቁም ሣጥን ስመሰክር ኖሬአለሁ! ብድግ ብዬ ወጣሁ፤ በሩንም በኃይል ዘጋሁት።

መንገድ ላይ ነው ልብ ያልኩት። በር ዘጋሁ። እኔ።

ልብስ ሰፊዋ ከሳቀች በኋላ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ተረተችብኝ። ሳሉ እንኳ እየተሻለኝ ነው አልኳት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሼ ሄድኩ። ለእሷ ብዬ እንዳይመስልሽ። ደብተሩ የሚቀመጥበትን ቁም ሣጥን ሳየው የነበረበት ቁልፍ የልጅ መጫወቻ ነው። እያየችኝ በምስማር ከፈትኩላት። ቃሌን እዚህ ውስጥ አስቀምጠሽ ትተኛለሽ? አልኳት። ደነገጠች። አዲስ ቁልፍ ገጠምኩላት። ስጨርስ «አባቴ፣ የሰው ሁሉ ምስጢር እዚህ ነው፤ ዛሬ ነው የተቆለፈው» አለችኝ። ቁልፍ ሠሪ ተብዬ ስኖር እንደዚያ ያለ ምስጋና አልሰማሁም።

በሩ አሁን ሁለት ጣት ነው።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 25

ለወንድሜ፤

እኔ የሚጽፍልኝ አያስፈልገኝም። ባሌን ካጣሁ በኋላ በአርባ ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት የሱ ነገር በተጻፈበት ወረቀት ማንም እንዳያታልለኝ ነው።

ስለ ጣትህና ስለ ቁም ሣጥኑ አልጠየቅኩህም። የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነበር፤ በሩ መቼ ይቆለፋል? ባለ ፉጨቱ ውሃ ሲለምን መስማት እፈልጋለሁ። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ።

ያንተን ኅዳር የጻፍከውን አራት ጊዜ አነበብኩት። በስድስተኛው ቀን አሳቀኝ ብለሃል። ባሌ በመጀመሪያው ቀን ሞተ ብለህ ነው አርባ ዓመት ያኖርከኝ። እንዳልተሰቃየ ነግረኸኝ በዚያ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። የሞተ ሰው በስድስተኛው ቀን ያስቃል እንዴ?

አንተ የምትናገረውን መልሰህ አታነብም። እኔ አነባለሁ።

ስንት ቀን ኖረ? ውሃ ለመነ? ምን አለ?

እህትህ


ጥር 13

እህቴ፤

ደብዳቤሽ ደርሷል። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? እዚህ ብርዱ በርትቷል። ሱቁ ደህና ነው።

ስለ ቀኑ ለጠየቅሽው ልብስ ሰፊዋ ተሳስታ ነው የጻፈችው።

(እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልተሳሳትኩም። አባባ ያሉኝን ነው የጻፍኩት። ይህችንም እንድጽፍ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው፤ «ጻፊው፣ ውሸቴንም ጻፊው፣ የራስሽንም ጻፊ» ብለው ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል።)

ልጁ ነገ ትሄዳለች። ሌላውን በኋላ።

ወንድምሽ


የካቲት 4

እህቴ፤

ይህን ደብዳቤ ሁለት ቀን ሙሉ ነው ያስጻፍኩት። ልብስ ሰፊዋ አንድም ቀልድ አልጨመረችም።

በሩን ቆለፍኩት። ልጁ በሄደች በማግስቱ፣ በቀትር፣ ማሽኑ ሲጮህ ሄጄ ሦስተኛውን ቁልፍ ከትቼ ሁለቴ አዞርኩት። ምላሱ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ አላውቅም። አልዋሽሽም። ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ከውስጥ እጀታውን ነካካ። ቁልፉን ከትቶ ሞከረ። ሞከረ። እኔ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆሜአለሁ፤ ውሃ እስኪለምን፣ እስኪያለቅስ እጠብቃለሁ፤ የምሰማውን ላንቺ ይዤ ልመጣ። አልለመነም። በሩን በከዘራው መታ መታ አደረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማነው እዚያ? በሩ ነክሶ ያዘ። ባካችሁ ቁልፍ ሠሪውን ጥሩልኝ» አለ።

እህቴ፣ ጆሮዬን ከበሩ አነሳሁ። ግንበኛውም የጠራው ቁልፍ ሠሪውን ነበርና።

አሁን የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ። ዘጠኝ ቀን ኖረ። ውሃ ለምኗል፤ እኔን ሳይሆን በሩን ነበር የሚለምነው። ሳንባው በሲሚንቶ ብናኝ ተይዞ ነበር። አንድ የቆርቆሮ ማንኪያ ነበረችን። እጀታዋን ወለሉ ላይ እየሞረድኩ ቁልፍ አደረግኳት። የራሴ ሥራ ነው፣ ጥርሱን አውቀዋለሁ። በአምስተኛው ቀን፣ ባለ ፉጨቱ እያፏጨ ለምሳ ሲሄድ፣ ግንበኛው በክርኑ ጎሸም አድርጎኝ «በል ቁልፍ ሠሪው፣ ክፈትልን» አለኝ። ማንኪያዋን ከትቼ አዞርኩ።

ተከፈተ።

ምላሱ ሲመለስ በእጄ ተሰማኝ። በሩን በአንድ ጣት ገፋ አድርጌ አየሁ። ግቢው ባዶ ነበር። ፀሐይ። ወንበሩ ላይ የባለ ፉጨቱ ኮፍያ ብቻውን ተቀምጧል። ያ ኮፍያ ወጥመድ መሰለኝ። ብርሃኑን ፈራሁ። በሩን መልሼ ገጠምኩና ምላሱን መለስኩት። «እምቢ አለኝ፤ አይከፍትም» አልኩት። እሱም አመነኝ። አንተ ካልከፈትከው ማንም አይከፍተውም ብሎ አጽናናኝ፤ እሱ እኔን። አራት ቀን በየቀትሩ ፉጨቱ ይርቃል፣ እኔ ማንኪያዋን ጫማዬ ውስጥ ይዤ እቀመጣለሁ። በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ስለዚህ ባለ ፉጨቱ አንድ ጊዜ ቆለፈብን። እኔም በግንበኛው ላይ አንድ ጊዜ ቆለፍኩበት። አርባ ዓመት እሱን ስትረግሚ አሜን እያልኩ የኖርኩት እርግማኑ ግማሹ በእኔ ላይ ሲወርድ እየሰማሁ ነው።

በሩ ላይ ስንት ቆየሁ አላውቅም። ማሽኑ ለምሳ ሲቆም ከፈትኩት። ምሬው አይደለም። ላስጽፈው እንኳ ቃሉን አልፈልገውም። ገብቼ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ከዚያ ይህን አለ፦

«አንዱ ቁልፍ ሠሪ ነው ብለውኝ ነበር። እያፏጨሁ የምሄደው እኮ መሄዴን እንድትሰሙ ነው። ኮፍያዬን ትቼ የምሄደው አለቃዬ ሲመጣ አሁን ተነሳ እንዲባል ነው። ትሄዳላችሁ ብዬ እጠብቅ ነበር። ኋላ ምን ዓይነት ሰነፎች ናቸው አልኩ።»

ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም። ውሸት ከሆነ የዕድሜ ልኩን ዱላ ዛሬ አሳረፈብኝ። እውነት ከሆነ ደግሞ ዱላው የሱ አይደለም። አንገቱን ለመያዝ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ እጄ ላይ ያየሁት ቁልፉን ነው። ወጣሁ።

ሐሙስ ለጠያቂዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ መቆለፌንም ጭምር። ተቆጣች። ሰውዬውን እንዲያይ ሰው ላከች፤ ደህና ነው። ለልጁም ተነግሯታል፤ የኔን ቁልፍ አስነቅላ ሌላ ልታስገጥም ነው። ከዚያ ተቀምጣ ስለ ማንኪያዋ ጠየቀችኝ። ምን ያህል ትሞቅ ነበር፣ በየትኛው ጣትዎ ያዟት እያለች። ጥፋት የለብህም አላለችኝም፤ ብትለኝ ኖሮ ዳግም ደጇን አልረግጥም ነበር። ለምን መልሰው ቆለፉት አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ዛሬ ላያውቁ ይችላሉ፣ ሁለታችን እዚሁ እንቆይበታለን አለች። ከዚያ ይህ ነገር መነገር ያለበት ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አንቺን አልኳት።

ስንጨርስ ቀና ብዬ ሳይ በሩ ተዘግቷል። ማን እንደዘጋው አላውቅም፤ እኔ ስገባ ሳልዘጋው አልቀርም። ያን ቀን ቤቴንም ዘግቼ ተኛሁ። ነጋ። ይህን የምነግርሽ ደስታ መስሎሽ እንዳይሆን፤ በሩ አርባ ዓመት ክፍት የኖረው እንድሮጥ እንደሆነ፣ የምሮጠውም ካንቺ እንደነበር እንድታውቂው ነው።

ሦስተኛው ቁልፍ እዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። የሚከፍተው በር የለውም። ግን በቀሉ ያንቺ ነበር፤ እኔ የሌባ እጄን ይዤ ገባሁበት። ፍርዱን ለሁለታችንም አንቺ ስጪ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ አላገኘውም ብዬ ሳይሆን፣ ብታደርጊልኝ ምን እንደማደርገው ስለማላውቅ ነው።

ወንድምሽ


የካቲት 16

ለቁልፍ ሠሪው፤

ቁልፉ ደርሶኛል። ነገሩን ሳብሰለስል ሰነበትኩ። ወንዝ ልጥለው ሄጄ ነበር፤ ይዤው ተመለስኩ።

ባለ ፉጨቱን አልማርኩም። አንተንም አልማርኩህም። እሱ ጠላቴ ነው፤ አንተ ግን እሱን እንድትወግርልኝ ድንጋይ ያቀበልኩህ ወንድሜ ነህና ያንተ ይከብዳል። ባሌ «አንተ ካልከፈትከው ማንም አይከፍተውም» ማለቱን ሳነብ ድምፁን ሰማሁት። ከአርባ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህች ብቻ እግዜር ይስጥህ።

ስትወድቅ እሰማለሁ፣ ስትተኛ እሰማለሁ። አንተ ለአንዲት ሴት እየነገርክ ቀለለህ፤ እኔ ማን ጠየቀኝ? አርባ ዓመት ማንም በሰማያዊ ደብተር ምንም አልጻፈልኝም።

ረቡዕ በአውቶቡስ እመጣለሁ። አትቀበለኝ፤ መንገዱን አውቃለሁ። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው የማድረው፤ ያንተን በር አልረግጥም።

ለጠያቂዋ ንገራት፤ ሐሙስ አንድ ወንበር ትጨምር። ዘጠኙንም ቀን ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምረህ አንድ በአንድ ፊት ለፊቴ ትነግረኛለህ፤ የሳቀውንም፣ የለመነውንም። አንድ ቀን ብትዘል ዐውቅብሃለሁ።

በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ።

እህትህ